የቤተሰብ ሐኪሞች ቆዳን ማየት እንዴት ይማሩ? ልምድ ያላችሁ አካፍሉን

የወሎው ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁም። በወሎ በአንድ ሆስፒታል የቤተሰብ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ከሥራዬ አንዱ በዙሪያችን ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞችንና ጤና መኮንኖችን፣ እንዲሁም በእኛ ዘንድ የሚለማመዱ ሬዚደንቶችን ማስተማር ነው። አሁን የቆዳ በሽታ ሥልጠና እንድሰጥ ተመድቤያለሁ፤ ከመጀመሬ በፊት ሐሳቤን እዚህ አቅርቤ እንድትሞግቱኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው። የቆዳ ሐኪሞች ደግሞ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ስለዚህ የገጠር ሰው ቆዳው ላይ አንድ ነገር ሲወጣበት መጀመሪያ የሚያየው፣ ብዙ ጊዜም ሌላ የማያየው፣ በቅርቡ ያለው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ደግሞ ቆዳን የተማረው ከሌሎች ትምህርቶች መሀል በተሸጎጡ ጥቂት ክፍለ ጊዜያትና በግድግዳ ላይ በሚታይ ሥዕል ነው።

ውጤቱን በየጊዜው አየዋለሁ። ለማንኛውም ሽፍታ አንድ ቅባት ይታዘዛል፤ እሱ ካልሠራ ሌላ ቅባት። የሥጋ ደዌ የጀመረው ወጣት «ቋቁቻ ነው» ተብሎ የፈንገስ ቅባት ሲቀባ ከርሞ ጣቶቹ መኮራመት ሲጀምሩ ወደ እኛ ይመጣል። የሥጋ ደዌ ከአገራችን አልጠፋም። በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ነጠብጣቡ እስከ አምስት ከሆነ ለ6 ወር፣ ከዚያ ከበለጠ ለ12 ወር ይወሰዳል። ነርቭ ሳይጎዳ የተጀመረለት ሰው አካሉ ሳይጎድል ይድናል። ይህን ሁሉ የሚወስነው አንድ ባለሙያ ቀለሙ የሳሳውን ነጠብጣብ በጥጥ ነክቶ ደንዝዞ እንደሆነ ማየቱ ወይም አለማየቱ ነው። በጣም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ የበሽታ ስም ዝርዝር ይዤ መቅረብ አልፈልግም። መጀመሪያ የማስተምረው ዓይንንና እጅን ነው። ታማሚው ልብሱን አውልቆ በመስኮት ብርሃን ይታይ፤ ጀርባው፣ መቀመጫው፣ የጆሮው ጫፍ፣ የእግሩ መርገጫ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ሁሉ ይታይ። ከዚያ ይዳሰስ፤ ይሞቃል? ይጠጥራል? ይላጣል?

የጥጡን ምርመራ ብቻ ለግማሽ ቀን ባለማምዳቸው አይበዛም እላለሁ። ጥጡ ጫፉ ሹል እስኪሆን ይጠመዘዛል። ታማሚው ዓይኑን ከፍቶ እያየ በመጀመሪያ ደህና ቆዳው ይነካና «የነካሁህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» ይባላል። ነገሩ ሲገባው ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አንዴ ደህናው ቆዳ፣ አንዴ የነጠብጣቡ መሀል ይነካል፤ ተራውን እንዳይገምት ቅደም ተከተሉ ይቀያየራል። ጥጡ ቆዳውን አይጠርግም፤ ቀጥ ብሎ ነክቶ ይነሳል። «ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ሐኪሙን ለማስደሰት ብሎ «አዎ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በጣቱ ካላሳየ አልተሰማውም ማለት ነው።

ከበሽታዎቹ የመረጥኳቸው እከክ፣ ጭርትና ቆረቆር፣ መግል የያዘ የቆዳ ቁስል፣ ችፌ፣ የሥጋ ደዌ፣ ቁንጭርና ዝሆኔ ናቸው። ምን ልጨምር? ምን ልተው?

ጤና መኮንን ከጋሞ

ዶክተር፣ ይህን ጉዳይ ስላነሳህ አመሰግናለሁ። እኔ የምሠራበት አካባቢ ቁንጭር በብዛት የሚታይበት ደጋ ነው። ከአርባ ምንጭ ብዙም የማይርቀው ኦቾሎ በዚህ በሽታ ለብዙ ዓመታት ሲጠና የኖረ ቀበሌ ነው። ገደልና ዋሻ ባለበት ሽኮኮ አለ፤ ሽኮኮ ባለበት ደግሞ የአሸዋ ዝንቧ ጥገኛ ተውሳኩን ከእሱ ወስዳ ለሰው ታስተላልፋለች። ልጆች ጉንጫቸውና አፍንጫቸው ላይ ቁስል ይዘው ይመጣሉ። ቁስሉ አያምም፣ ቶሎ አይሰፋም፣ ለወራት ይቆያል። ከሌላ ቦታ ተቀይሮ የመጣ ባለሙያ መግል የያዘ ቁስል ይመስለውና በተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ያዝዛል። እናቶቹ ግን ስሙን ገና ሳይጠየቁ ያውቁታል። ለሥልጠናህ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር «ቁስሉ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው? በሰፈራችሁ ሌላ ሰው አለበት?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ነው። በእኛ ዘንድ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የረዱን እነዚህ ናቸው።

የምቃወምህ ግን በአንድ ነገር ነው። ልብስ አውልቆ መላ ሰውነትን ማየት ጥሩ ምክር ነው፤ የእኛን የተመላላሽ ክፍል ግን እንዳየኸው አላውቅም። ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትይዩ ተቀምጠን እንመረምራለን። መጋረጃ የለም። ሴት ታማሚ እንዴት ብላ ታወልቃለች? ሥልጠናው ይህን ካልመለሰ ሰልጣኙ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሠራው የቀድሞውን ነው።

የወሎው ሐኪም

ትክክል ነህ፤ ይህን አስገባዋለሁ። በአንዱ ጤና ጣቢያ ነጠላ በገመድ ሰቅለው የመስኮቱን ጥግ ከለል አድርገውታል፤ ሴት ታማሚ ስትመጣ ሴት ነርስ ትገባለች። ገንዘብ አልጠየቀም። ሰልጣኞቹ ሲመለሱ የመጀመሪያው ሥራቸው ይህችን ጥግ ማዘጋጀት ቢሆን ምን ይመስልሃል?

ጤና መኮንን ከጋሞ

እሱ ይሆናል። ከኃላፊው ጋር አብረው ካልሰለጠኑ ግን ጥጓን ማንም አይሰጣቸውም። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን ጥራቸው።

ነርስ ከሜሪላንድ

ከአገር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን በቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ሐኪሞቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ዓይናቸው የሰለጠነው ግን በነጭ ቆዳ ላይ ነው። የሕክምና መጻሕፍቱ ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው። «ቀይ ሽፍታ» ተብሎ የተማሩት ነገር በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ያደላል። አንዲት የአገራችን እናት እግራቸው አብጦና ተቆጥቶ ሲመጡ ሐኪሙ ቅላት ስለሌለው ኢንፌክሽን መሆኑን አላመነም። በእጁ ጀርባ ሁለቱን እግሮች አነጻጽሮ ቢዳስስ ሙቀቱ ወዲያው ይነግረው ነበር።

ይህን የምጽፈው ለምንድን ነው? በአገር ቤትም የምታስተምሩት በእነዚሁ መጻሕፍት ነውና። ሥዕሎቹ ከየት መጡ ብላችሁ ጠይቁ። በስልክ ፎቶ አንስቶ በሽታውን እነግራችኋለሁ የሚለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም የተማረው ከእነዚያው ፎቶዎች ከሆነ በእኛ ቆዳ ላይ ይሳሳታል። ከቻላችሁ የራሳችሁን ታማሚዎች ፎቶ በፈቃዳቸው እያሰባሰባችሁ አስተምሩበት።

የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ውይይቱን በደስታ አነበብኩት። የወሎው ወንድሜ ስለ ጥጡ የጻፍከውን እንዳለ እቀበለዋለሁ፤ ሆኖም ጥጡ ብቻውን ሰልጣኞችህን እንዳያሳስታቸው እፈራለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር።

ፊት ላይ ያለ የሥጋ ደዌ ነጠብጣብ ስሜቱን ሊይዝ ይችላል፤ ፊት በነርቭ የበለጸገ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፊት ላይ «ተሰማው» ማለት «የሥጋ ደዌ አይደለም» ማለት አይደለም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ብዙ ባክቴሪያ የተሸከመው ታማሚ ነው። እሱ የደነዘዘ ነጠብጣብ ላይኖረው ይችላል። ቆዳው ይወዛል፣ የጆሮው ጫፍ ይወፍራል፣ ቅንድቡ ከውጭው ጫፍ ይሳሳል፣ ትንንሽ እባጮች ይወጣሉ። ሰውየው «ደልቶት ፊቱ አማረ» ሊባል ይችላል። ለሰልጣኞችህ ነርቭን መዳሰስ አስተምራቸው። ክርን ታጥፎ ከውስጠኛው አጥንት ጀርባ የሚያልፈውን ነርቭ፣ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር በአንገት ላይ የሚታየውን ነርቭ፤ ሁልጊዜም ግራና ቀኙን እያነጻጸሩ። ከዚያ ከጆሮ ጫፍ ለሚወሰደው የቆዳ ናሙና ይላኩ።

ሁለተኛው ከጋሞው ባልደረባችን ጋር ይገናኛል። ቁንጭር አንዳንዴ አንድ ቦታ አይቆምም፤ መላ ፊትና እጅ እግር ላይ ይሠራጫል። ያን ጊዜ ብዙ ባክቴሪያ ካለበት የሥጋ ደዌ ዓይነት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ለሥጋ ደዌ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ምንም ያልተሻላቸው፣ በኋላ በናሙና ቁንጭር መሆኑ የተረጋገጠላቸው ታማሚዎች ያጋጥማሉ። በእናንተው አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሁለቱንም በሽታዎች ለብዙ ዓመታት ሲያክም የኖረ ነው፤ ሰልጣኞችህን አንድ ቀን ወደዚያ ብትወስዳቸው ከአሥር ሥዕል ይበልጣል።

ሦስተኛው አጣዳፊ ነው። መድኃኒት የጀመረ ወይም የጨረሰ የሥጋ ደዌ ታማሚ ነጠብጣቡ በድንገት ቢያብጥ፣ ነርቩ ቢያመው፣ እጁ ወይም እግሩ ቢዝል፣ በሽታው ተመለሰ ብላችሁ ቀጠሮ አትስጡ፤ መድኃኒቱንም አታስቁሙ። ሰውነቱ በባክቴሪያው ላይ እየተቆጣ ነው። ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን በጊዜ ካልተጀመረለት በሳምንታት ውስጥ እጁ ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል። ከማስተምረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስታውሱ ብመርጥ ይህንን እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለግንባር ቀደም የጤና ባለሙያዎች የሚሆን፣ ከቆዳ ምልክት ተነስቶ ችላ የተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎችን የሚያስለይ በሥዕል የተደገፈ የሥልጠና መመሪያ አውጥቷል። ኋላም የስልክ መተግበሪያ ሠርቷል። ከዜሮ አትጀምር።

ፋርማሲስት ነኝ

ስለ ቅባቱ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። ችግሩ ከሐኪሙ ክፍል በፊት የእኛ ባንኮኒ ላይ ይጀምራል። ሰው ይመጣና «ለፊት የሚሆን ቅባት» ይላል። የሚሸጥለት ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ አንዳንዴም ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ቱቦ የተደባለቀበት። ለሁለት ሳምንት ማሳከኩ ይጠፋል፤ ቆዳው ነጣ ይላል፤ ሰውየው ይወደዋል። ጭርቱ ግን ከሥር እየሰፋ ነው። ክብ የነበረው ጠርዙ ይጠፋና ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ጭርት አይመስልም። እከክም እንዲሁ መልኩን ይቀይራል። ለማድያት ብለው ለወራት የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው ሳስቶ፣ የደም ሥሩ ወጥቶ፣ ብጉር ወርሶት ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እባክህ ዶክተር፣ ሰልጣኞችህ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን ስትቀቢ ነበር?» ይሁን። «መድኃኒት ወስደሻል?» ብለው ቢጠይቁ «አልወሰድኩም» ይባላሉ፤ ቅባት በሕዝባችን ዘንድ መድኃኒት አይባልም። ቱቦውን ወይም ካርቶኑን ይዛ እንድትመጣ ይንገሯት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የልጆች የራስ ቆረቆር በቅባት አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስላለ የሚዋጥ ግሪሲዮፉልቪን ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል። ለቆረቆር ቅባት ብቻ የታዘዘበት ወረቀት ዛሬም ይደርሰኛል።

የታማሚ ልጅ

ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ውይይት አንድ ዘመዴ ልኮልኝ ነው። አባቴ ክንዱና ጀርባው ላይ የነጣ ነገር ወጥቶበት በየጤና ተቋሙ ተመላልሷል። አንዱ ችፌ አለው፣ ሌላው አለርጂ ነው አለው። አንድም ሰው ሸሚዙን አስወልቆ አልነካውም። ምድጃ ላይ እጁን ሲያቃጥል ሳይሰማው ሲቀር ነው እኛ የደነገጥነው። የሥጋ ደዌ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሕክምናውን ጨርሷል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይዘረጉም፤ ሞፈር መያዝ ያስቸግረዋል።

ሐኪሞች ሆይ፣ በሽታውን መለየት ብቻ አታስተምሩ። እንዴት እንደሚነገርም አስተምሩ። ለአባቴ የነገረው ባለሙያ በሩን ከፍቶ፣ ሌሎች ሰዎች እየሰሙ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የነገረው። መንደር ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። እናቴ ለብቻዋ ዕቃ ለየች፤ ጎረቤት ቡና መጠጣት ተወ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ያስረዳን የለም። ይህን ያወቅነው ከሌላ ታማሚ ነው።

የወሎው ሐኪም

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ አዝናለሁ። የጻፍከውን ለሰልጣኞቼ እንዳነብላቸው ትፈቅድልኛለህ? እኔ ከምናገረው ይልቅ ይህ ይገባቸዋል። አባትህ ሕክምና ቢጨርስም በየጊዜው እጁና እግሩ መታየት አለበት። የማይሰማው እጅ እንዳይቆስልና እንዳይቃጠል መጠበቂያው መንገድ አለ፤ ያልተዘረጉትንም ጣቶች በቀዶ ሕክምናና በፊዚዮቴራፒ መርዳት የሚቻልበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ከዓላማዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። በግል መልእክት ጻፍልኝ።

የታማሚ ልጅ

አንብብላቸው። የመንደራችንን ስም ብቻ አትጥቀስ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

እኔ ብዙ ሥልጠና የተሳተፍኩ ነኝ፤ እውነቱን ልናገር። የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ይረሳል። ቆዳ በሦስት ቀን የሚለመድ ሙያ አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ሺህ ቆዳ ማየት አለበት። ይልቅ በየሆስፒታሉ አንድ የቆዳ ሐኪም እስኪመደብ መጠየቅ አይሻልም?

የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ቅሬታህ ይገባኛል፤ በመደምደሚያህ ግን አልስማማም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ለጠቅላላ የጤና ሠራተኞች በጥቂት የተለመዱ የቆዳ በሽታዎች ላይ ያተኮረ አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ከሥልጠናው በፊት ግልጽ ምርመራና ትክክለኛ ሕክምና ያገኙት ታማሚዎች 42 በመቶ ነበሩ፤ ከሥልጠናው በኋላ 81 በመቶ ሆኑ። የመድኃኒቱ ወጪም በሩብ ቀንሷል። ምሥጢሩ ጥቂት በሽታ መምረጣቸውና ከዚያ ውጭ ያለውን «ላክ» ማለታቸው ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪም ያልሆኑ የጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ነው። የቆዳ ሐኪም በየሆስፒታሉ እስኪመደብ ስንጠብቅ የዚህ ልጅ አባት ጣቶች አይጠብቁንም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

የማሊውን አላውቀውም ነበር። እንዲያ ከሆነ ቁልፉ ከሥልጠናው በኋላ ያለው ይመስለኛል። ታማሚ ልከን መልሱ ተመልሶልን አያውቅም። ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? ይህን ካላወቅኩ ዓይኔ በምን ይሻሻላል?

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት

የእግር መርገጫ የሚለው ቃል በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ስላለ ደስ ብሎኛል፤ ግን ሰፋ ይበል። «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው እምነት በሐኪሞች ዘንድም አለ። ፀሐይ የሚያመጣው ዓይነት በእኛ ዘንድ አልፎ አልፎ ነው፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን በወጣትነታቸው ይያዛሉ፤ ፊታቸው፣ ጆሯቸውና አንገታቸው በየጊዜው መታየት አለበት። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛው ካንሰር ደግሞ በጥቁር ሕዝብ ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው፦ በእግር መርገጫ፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው።

እኛ ዘንድ የሚደርሱት ተረከዛቸው ላይ «እሾህ ወጋኝ» ተብሎ ቁስሉ ሲታጠብ የኖረ ገበሬዎች ናቸው። ሰልጣኞች ይህን ይያዙ፦ መርገጫ ላይ ያለ ጥቁር ነገር እየሰፋ ከሄደ፣ ቀለሙ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ቁስሉ በተገቢው እንክብካቤ ካልዳነ ናሙና ይወሰድ። በጥፍር ላይ ብዙ ጥቁር መስመሮች በእኛ ቆዳ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ አያስፈራሩም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለ፣ እየወፈረ የሚሄድ፣ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ሥሩ ቆዳ የፈሰሰ መስመር ግን ያስፈራል። በቃጠሎ ጠባሳ ላይ ለዓመታት ያልዳነ ቁስልም እንዲሁ።

ዴርማቶስኮፕ የሚባለው በእጅ የሚያዝ አጉሊ መነጽር ጥሩ ነው፤ ያልሰለጠነ ሰው እጅ ላይ ግን የሐሰት መተማመን ይሰጣል። ጫማ ማስወለቅ ይቅደም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ለእኛም አስቡልን። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲይዝ ቤት ለቤት የዞርነው እኛ ነን። ያን ጊዜ ያየሁት ልጁ ብቻ ይታከምና ከወንድሞቹ ጋር በአንድ መደብ ተኝቶ እንደገና ይያዛል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልተቀባ ልፋቱ ከንቱ ነው። የማያሳክከውም ይቀባ፤ ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት መሀል። ሕፃናት ደግሞ ራሳቸውም ጭምር። ሐኪሞቹ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ መድኃኒት አይዘዙ።

የወሎው ሐኪም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካነበብኩት የቀየርኩትን ልናገር። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች በመጀመሪያው ቀን ይጠራሉ። ሁለተኛውን ቀን በቦሩ ሜዳ ከታማሚዎች ጋር እንዲሆን ጥያቄ አቀርባለሁ። ካሰብኩት የመማሪያ ክፍል ሰዓት ግማሹን ሰርዤዋለሁ። ለየቤቱ የሚላከው የእከክ መድኃኒት በቤተሰቡ ቁጥር እንዲታዘዝ በመመሪያው ላይ እጽፋለሁ፤ ስለ ቅባቱ የሚጠየቀው ጥያቄም የመጀመሪያው መስመር ላይ ይገባል። መርገጫና ጥፍር ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል።

የሰሜን ሸዋው ባልደረባዬ ጥያቄ ግን ከብዶኛል። የሪፈር ወረቀቱን ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ የሚመለስ አድርገን ብናትመው፣ «የላክኸው ታማሚ ይህ ሆኖ ተገኘ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት፣ ታማሚው ሲመለስ ራሱ ይዞት ቢመጣስ? ሞክሮት ያየ አለ?

ጤና መኮንን ከጋሞ

በእኛ ዞን ለቲቢ ታማሚዎች ተመሳሳይ ነገር ሞክረናል። ታማሚው ወረቀቱን ያመጣል፤ ያላመጣው የላይኛው ሐኪም ስላልሞላለት ነው። በታማሚው ፈቃድ ስልክ ቁጥርህን እወረቀቱ ላይ ጻፍና በአጭር መልእክት እንዲመልሱልህ ጠይቅ። ወረቀት ከሚሞሉ ይልቅ መልእክት የሚልኩ ይበዛሉ።

የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ከእኔ ዘንድ ለሚመጡት እኔ እመልሳለሁ። የሥጋ ደዌ ከሆነ ግን የበሽታውን ስም በመልእክት አልጽፍም፤ እደውላለሁ። ቁጥርህን በግል ላክልኝ።